የተገዘተው ስም

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ወጣቶች አንድ ዓይነት ሰደርያ ለብሰው በሬን አንኳኩ። ተራራ ላይ የተነሣ እሳት ወርዶ የገበሬውን ቤትና ክምር ስለበላ፣ ብርድ ልብስም ይሁን ድስት፣ ያለኝን እንድሰጥ ነው የመጡት። ሁለት ጋቢና አንድ ደህና ብረት ድስት አወጣሁላቸው። ከዚያ ይቺ የማትለቀኝ አመሌ አላስቀምጥ አለችኝና፣ «ለመሆኑ ማን ነው የለኮሰው?» አልኳቸው። ድስቱን የተቀበለችኝ ልጅ ፈገግ ብላ፣ «እኛ እሱን አልጠየቅንም፣ እማማ» አለች። ወይ ጉድ! አለመጠየቅም ይቻላል ለካ!

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የሰው ልጅ ሲወለድ ያለቅሳል፤ የኔዋ ሐረጉ ግን ‹ይሄ ምንድን ነው?› እያለች ነው የወጣች» ብላ ታስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው። የሰው ቤት ከገባሁ ድስት ከፍቼ አያለሁ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጨቃጨቅ ካገኘሁ ጠቡ ከየት እንደተነሣ ሳልሰማ ወደ ቤቴ አልሄድም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ? እኔ ውሃው ቢደፈርስም ግድ የለኝም፤ ሥሩን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። እንግዲህ በዚህ አመሌ ላይ ነው ያ የጋዝጊብላ ነገር የመጣብኝ።

ያኔ ትምህርቴን ልጨርስ የተቃረብኩ ኮረዳ ነበርኩ። ሰቆጣ ውስጥ አስተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም የተሰባሰበበት አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ነበረን። ሥራችን የታመመ መጠየቅ፣ የደከመ ቤት መጠገን፣ ለበዓል ለችግረኛ እህል መለመን ነበር። የክበቡ ሰብሳቢ ጋሽ መብራቱ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ደግነታቸውም እንደ ሒሳባቸው ሥርዓት ይፈልግ ነበር። «ክበባችን ይረዳል እንጂ አይመረምርም!» ይሉኝ ነበር፣ አፌን ስከፍት ገና።

ታኅሣሥ ላይ በገበያ ቀን ወሬው ደረሰን። ከሰቆጣ ጋር በምትዋሰነው በጋዝጊብላ ወረዳ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ ከጋራው ሣር የተነሣ እሳት ነፋስ አግኝቶ ወደ መንደር ወርዷል፤ ሰው ባይሞትም ቤትና ክምር አልቋል ተባለ። ታኅሣሥ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የዓመት ልፋት ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ አውድማ የሚጠብቅበት ወር ነው። ከተማውን በሁለት ቀን ውስጥ አዳርሰን ለመንንና አንድ ኤንትሬ መኪና ሞላን። ከጆንያው ላይ ተቀምጠን፣ ነጠላችንን እስከ ዓይናችን ተከናንበን፣ አቧራ እየቃምን ሄድን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገዱ ሲያልቅ ዕቃውን በአህያ ጭነን በእግራችን አቀበቱን ያዝነው።

መንደሩን ሳናየው ሸተተን። ምን እንደሸተተን ልንገራችሁ? ቆሎ! ጥሩ ሆኖ የተቆላ የገብስና የባቄላ ቆሎ። ጾም ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስንም፣ ሆዳችን ጮኸ። አንዱ ጓደኛችን «እሰይ፣ ምሳ ደርሶልናል» ብሎ ቀለደ። ኮረብታውን ዞር ስንል ግን ሽታው ከየት እንደመጣ አየነው፤ የሰው ክምር ነው፣ ውስጥ ውስጡን ገና ይጨሳል። ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። እስከ ዛሬ ቆሎ ሲቆላ መጀመሪያ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ያ ቀን ይመጣብኛል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰባቸው እማማ ዝማም የሚባሉ ባል የሞተባቸው እናት ነበሩ። ቤታቸው፣ ክምራቸው፣ ከቤቱ ጎን ታስሮ የነበረው ብቸኛ በሬያቸው፣ ሁሉም ሄዷል። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከአመዱ ውስጥ ማጭድ ይፈልጉ ነበር። «ብረት አይቃጠልም፣ ልጄ፤ እጀታ ይገባለታል» አሉኝ። አንድ ልጅ አላቸው፣ አያሌው የሚባል። ሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ አልተመለሰም ነበር፤ የሆነውንም አልሰማም።

ሥራውን ተከፋፈልን። ወንዶቹ ከመንደሩ ሰው ጋር እንጨት እየቆረጡ ማገር ያስራሉ፤ እኛ ሣር እናጭዳለን፣ ጭቃ እንረግጣለን። መንደርተኛው እርስ በርሱ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ እያወራ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ እየቀለደ፣ ያለውን አልሰሰተብንም። በማር የተለወሰ በሶ ያበሉን ነበር። ያን ነጭ ማር የቀመሰ ሰው የሌላ አገር ማር ማር አይመስለውም። እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ርዳታ ትንሽ ተምሬ ስለነበር ጠዋት ጠዋት በእሳት የቆሰለውን ሰው በጨው ውሃ አጥቤ ቅባት እቀባለሁ። እሳቱን በቅጠልና በእጁ ሲያጠፋ ያልተለበለበ አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቀኛል።

መጠየቅ ጀመርኩ፣ ምን ላድርግ! «እሳቱን ማን ለኮሰው?» እላለሁ እጅ እያጠብኩ። አንዷ «እግዜር ያውቃል» ትላለች። ሌላው «እሳት እግር አለው፣ ራሱ ይሄዳል» ይላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ስለ ሰቆጣ የእህል ዋጋ ይጠይቁኛል። አንድ ሰው ቢደብቅ ምሥጢር ነው፤ አገር ሙሉ ሲደብቅ ግን ምን ይባላል? ጉጉቱ ልቤን አነደደው። ውሃ ልቅዳ ብዬ ጋራው ላይ ወጥቼ እሳቱ የተነሣበትን ቦታ ፈለግሁ። አገኘሁትም። አንድ የከሰለ ወይራ ሥር የወደቀ፣ ግማሹ የተቃጠለ ቀፎ ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው ማር ሊቆርጥ ንቡን ሲያጨስ ፍሙ ደረቅ ሣር ላይ ወድቆበታል። ክፋት አይደለም። አገሩ ሁሉ ማር የሚቆርጠው እንዲያ አድርጎ ነው።

በማግሥቱ ቁስል ሳጥብ አንድ ሰው ተራው ደርሶ ፊቴ ተቀመጠ። ሰው ብቻ ልበላችሁ፤ ሽማግሌ ይሁን ጎረምሳ፣ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ከእኔ አትሰሙም። እጁን ዘረጋልኝ። ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ዓይኑ አብጦ ሊከደን ምንም አልቀረው፤ ከንፈሩ ተገልብጧል። መቼም አፌ ከአእምሮዬ ይቀድማል፤ «ንብ ነው እንዴ እንዲህ የነደፈህ?» አልኩት።

 ሰልፉ ላይ የሚያስል ሰው እንኳ ሳሉን ዋጠ። ሰውየው መሬት መሬት ብቻ ነው የሚያየው። ያኔ ገባኝ። ደግሞ ማወቄን ሁሉም አወቀብኝ።

የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ምስጋናው፣ በትከሻቸው ላይ ጭራቸውን ጣል አድርገው ጠሩኝ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አስቀመጡኝ።

«ልጄ፣ ቁስል ታጥቢያለሽ፤ እግዜር ይስጥሽ። ሌላውን ግን አትንኪው» አሉኝ።

«ለምን፣ አባቴ? ጥፋተኛውን አገር ያውቀው የለም እንዴ?»

«ስለሚያውቀው ነው። ያ ሰው እሳቱ ሳይጠፋ መጥቶ ሽማግሌው እግር ላይ ወደቀ። ሆን ብሎ አላደረገውም። የእማማ ዝማም ልጅ ግን ጠብመንጃ አለው፤ ቁጡ ነው። ስሙን ከሰማ ይገድላል። እሱ ሲገድል ከዚያኛው ቤት ደግሞ ሌላ ይነሣል። ስለዚህ ተገዝተናል። ያን ስም ያነሣ፣ ለአያሌው የነገረ፣ እንደ ይሁዳ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን ብዬ አውግዣለሁ። ሰውየው ራሱም ‹እኔ ነኝ› ብሎ እንዳይወጣ ተገዝቷል።»

ጉድ ነው! አውጫጭኝ ተቀምጦ ጥፋተኛ የሚያወጣ አገር ስሰማ ኖሬ፣ ጥፋተኛ የሚቀብር አገር ያየሁት ያን ቀን ነው። «ጉዳቱስ? በእማማ ዝማም ላይ ተቃጥሎ ሊቀር ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ቄስ ምስጋናው እንደ መሳቅ አሉ። እህሉም በሬውም ከየቤቱ ይወጣል፣ ያ ሰው ከሁሉ ይበልጥ ያወጣል፣ ግን ከሁሉ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚያወጣው አሉኝ።

አያሌው የመጣው ያ ሰው እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ነው። ረጅም፣ ፀሐይ ያከሰለው ጎረምሳ። ከሁመራ ለእናቱ የገዛውን አዲስ ነጠላ በብብቱ ይዞ፣ ቤቱ የነበረበት አመድ ላይ ቆመ። አላለቀሰም። ወደ በሬው ቦታ ሄዶ የተቃጠለውን ገመድ አነሣ። ከዚያ ጮክ ብሎ፣ «ይህን ያደረገውን ሳልገድል ይህን ጠጉር አልላጭም!» ብሎ ማለ። ጠብመንጃው ዘመድ ቤት ተቀምጦለት ስለነበር ከእሳት ተርፏል፤ አምጥቶ ከእናቱ ዳስ ደጃፍ ላይ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ሽማግሌ ይሄዳል፣ ሽማግሌ ይመለሳል፤ እሱ ግን «ስሙን አምጡና እንነጋገራለን» ብቻ ነው መልሱ። እማማ ዝማም ከዳሱ ውስጥ ሆነው፣ «ልጄ፣ በሬው ላይነሣ» ቢሉ የሚሰማቸው የለም። መንደሩ ድምፁን ቀንሶ መኖር ጀመረ። ያ ሰው ደግሞ በዚያው ደጃፍ በኩል እንጨት ተሸክሞ ይመላለሳል። ባየሁት ቁጥር ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ታዲያ አያሌው ሞኝ አይደለም። ሣር ሳጭድ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«እህቴ፣ አንቺ ከእኔ በፊት ነው የመጣሽ፤ ቁስል አጥበሻል፣ ሁሉን ጠይቀሻል አሉ። እነዚህ ተገዝተዋል። አንቺ ግን የዚህ አገር ሰው አይደለሽም፣ አልተገዘትሽም። ንገሪኝ።»

 «አላውቅም» ለማለት አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። «ቢነግሩህ ምን ታደርጋለህ?»

«እገድለዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እሸፍታለኋ!»

«ከዚያስ? እማማ ዝማምን ማን ያርስላቸዋል? በሬ የለ፣ ልጅ የለ።»

«ዘመዶቼ፣ ጎረቤቶቼ አሉ» አለና ቆም አለ።

«የትኞቹ ጎረቤቶችህ? የገደልክባቸው?»

ፊቱ ጠቆረ። «አንቺ ሴትዮ መጠየቅ እንጂ መመለስ አታውቂም እንዴ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና፣ «ነገ እመጣለሁ። ታውቂያለሽ፤ ዓይንሽ ይናገራል» ብሎኝ ሄደ።

እውነት ነው፣ አውቃለሁ። ራሴንም አውቃለሁ። በሕይወቴ ያወቅሁትን ነገር ሳልናገር ያደርኩበት ቀን የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መልሼ አልይዘውም። ደግሞ ላልዋሽ፣ ብናገረው ምን ይሆን ይሆን የምትል አንዲት ክፉ ጉጉት ውስጤ ነበረች። ማጭዱን ጥዬ በሩጫ ቄስ ምስጋናው ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ እኔንም ይገዝቱኝ!»

«ምን ሆንሽ?»

«አያሌው ጠየቀኝ። ነገም ይጠይቀኛል። ምላሴን አላምነውም፣ አባቴ፤ በግዝት ይሰሩልኝ!»

 ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው ራሴ ላይ አድርገው ገዘቱኝ፤ ቃሉን አንድ በአንድ አስደገሙኝ። ስነሣ ቀለለኝ። እሳቸውም «እንዲህ ከሆነ መቆየት አይበጅም። ነገ ጠዋት ድንጋይ እንሸከማለን» አሉ።

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት ይወድቃል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማላውቀው ግን ሁሉም ሲሸከመው ነው። በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ መንደሩ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከየቤቱ ድንጋይ እየተሸከመ ወጣ። ቄስ ምስጋናው ከፊት ናቸው። ጋሽ መብራቱ ግራ ገባቸው። «እኛ እኮ እንግዶች ነን፤ እሳቱ ሲነሣ ሰቆጣ ነበርን» አሉ። ቄሱም «በሶአችንን በልታችኋል፤ ተሸከሙ» ብለው መለሱላቸው። የሒሳብ አስተማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተው ድንጋይ ፈለጉ። እኔም ተሸከምኩ። ድንጋዩ ሸካራ ነበር፣ አንገቴን ላጠው።

አያሌው ጠብመንጃውን እንዳጋደመ ተቀምጧል። ቄሱ ፊቱ ተንበረከኩ፤ «አቃጥያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አሉ። ከዚያ ሌላው ሽማግሌ። ከዚያ ሌላው። እያንዳንዱ ያንኑ ቃል ይላል፣ አልፎ ይቆማል። አያሌው ግን ከንፈሩን ነክሶ የእያንዳንዱን ፊት ይመረምራል። የትኛው ነው የሚንተባተብ? የትኛው ነው የሚያልበው? የማን ድምፅ ነው የሚሰበር? እኔም ተሰልፌ ይህንኑ ነበር የማየው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ሰው ተራው ሲደርስ እንዴት እንደሚለው ለማየት አንገቴን አስግጌ ነበር። ደረሰ፣ ተንበረከከ፣ ተናገረ። ቃሉ የሌሎቹ ቃል ነው። ግን ያን ቀን እውነቱን የተናገረ እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቻችን ሁሉ ዋሽተንለታል። አያሌው ከሌላው አብልጦ አላየውም።

እኔም ደረስኩ። «አቃጥያለሁ፣ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ» አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። «አንቺም?» አለ በሹክሹክታ። አልፌ ከሌሎቹ ጋር ቆምኩ።

ሰው ሁሉ ብሎ ጨረሰ።  የአያሌው እጅ ግን ከጠብመንጃው አልተነሣም። ቄስ ምስጋናው ላባቸውን ይጠርጋሉ። በዚህ መሃል የዳሱ መጋረጃ ተገለጠ። እማማ ዝማም ወጡ። በዚያ ደካማ ጫንቃቸው የቤታቸውን የጉልቻ ድንጋይ ተሸክመዋል። እየተንገዳገዱ መጥተው ገዛ ልጃቸው እግር ሥር ተንበረከኩ።

«እኔም አቃጥያለሁ፣ አያሌው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

እናት ለልጇ!  አያሌው እንደተነደፈ ሰው ብድግ አለ። ጠብመንጃው መሬት ወደቀ። ድንጋዩን ከጫንቃቸው ነጥቆ ወረወረና ታቅፏቸው ተቀመጠ። «ተነሺ፣ እናቴ! ኧረ ተነሺ! ይቅር ለእግዜር! ሁሉም ይቅር ለእግዜር!» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ጋሽ መብራቱ መነጽራቸውን ከኪሳቸው ማውጣት አቅቷቸው ነበር።

ዕለቱኑ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ጠጉሩን እናቱ ላጩት። ከሰዓት በኋላ ከየቤቱ እህል ወጣ፤ አንድ ወይፈንም ተጎትቶ መጣ። ከማን ቤት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ አያሌውን ለገበያ ሰቆጣ ሲመጣ አልፎ አልፎ አገኘው ነበር። እኔም አስተማሪ ሆኜ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ጡረታ ወጣሁ። አምና ከክረምት በፊት ገበያ መሃል ተገናኘን፤ ራሱ ነጭ ጥጥ ሆኗል። ከአንድ ግንብ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለ ልጆቻችን ስናወራ ድንገት፣ «ሐረጉ፣ አሁንም ታውቂዋለሽ፣ አይደል?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩት። በሽበቴ ልዋሽ አልፈለግሁም።

«እንዳትነግሪኝ» አለ። «ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዱ ልጄን ክርስትና አንሥቶልኛል። ከአንዱ ጋር በሬ አቀናጅተን ስናርስ ኖረናል። የአንዱን ልጅ ወንዱ ልጄ አግብቷታል። ብትነግሪኝ ከእነዚህ አንዱን አጣለሁ። የማጣው ሰው ደግሞ የለኝም።»

 አላስቻለኝምና ደግሞ ጠየቅሁት፤ «እማማ ዝማም ሲያርፉ ማን ተሸከማቸው?»

ስሞቹን አንድ በአንድ ጠራልኝ። ከዚያ አንዱን ስም ለይቶ፣ «እሱ ግን ያን አቀበት ሙሉ ለሰው አለቅም አለ። እንቀበልህ ቢሉት፣ ትከሻህ ደማ ቢሉት እንቢ። እስከ መቃብሩ እሱው ነው። ምን እንዲህ እንዳስጨከነው እንጃ» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። እኔ ሐረጉ፣ እንጃ አልኩ።

ዕድሜ ሲገፋ ሰው ያወቀውን ይረሳል፤ እኔም ብዙ ስም እየጠፋብኝ ነው። ያ ስም ግን አልጠፋብኝም። ጠዋት ስጸልይ የቤቴን፣ የጎረቤቴን፣ የሞቱትንም ያሉትንም በየስማቸው እጠራለሁ። እሱ ላይ ስደርስ ግን፣ «ያንንም ሰው፣ ጌታዬ፤ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ አልፋለሁ።